ጎረቤት ክሊኒኮች በወረርሽኝ ጊዜ፦ የአንባቢያን ጥያቄና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች መልስ

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19ን ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ብሎ ያወጀው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ሲሆን አዋጁን ያነሳው ሜይ 5 ቀን 2023 ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያ ያለው የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ይህን ያህል ጊዜ በራሱ ዕቃ ክፍል፣ በራሱ ሠራተኛና በራሱ ጥሪት ብቻ መዝለቅ ይከብደዋል። «ለሚቀጥለው ከወዲሁ ተደጋግፈን እንዴት እንዘጋጅ?» በሚል ከደረሱን ጥያቄዎች ተደጋግመው የተነሱትን መርጠን ለባለሙያዎቻችን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ሁለት ባለሙያዎች ያሉት ክሊኒክ አለኝ። በአቅራቢያዬ ሌሎች ሁለት ክሊኒኮች አሉ፤ ሰላምታ እንለዋወጣለን እንጂ በታካሚ እንሻማለን። ወረርሽኝ ቢመጣ እንተጋገዝ ብላቸው ከየት ልጀምር? ታካሚዎቼን ይዘውብኝ ቢቀሩስ?

መልስ፦ ከዚሁ ከስጋትዎ ይጀምሩ። «ታካሚዬን ይወስድብኛል» የሚለው ፍርሃት በግልጽ ተነግሮ በጽሑፍ ካልታሰረ፣ ሌላው ስምምነት ሁሉ በመጀመሪያው ችግር ይፈርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ይሁን፦ አንዱ ክሊኒክ በሠራተኛ ሕመም ወይም በመንግሥት ትእዛዝ ሲዘጋ ሌሎቹ ታካሚዎቹን ይቀበላሉ፤ ክሊኒኩ ሲከፈት ታካሚው ወደ ቀድሞ ባለሙያው ይመለሳል፤ ታካሚው ራሱ መቆየት ከፈለገ ግን ምርጫው ይከበራል። የመጨረሻዋን ሐረግ እንዳያወጧት። ታካሚ የማንም ንብረት አይደለም።

ሌላው የስምምነቱ ክፍል ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ከየክሊኒኩ አንድ ተጠሪና አንድ ምትክ ይሰየሙ፤ ተጠሪው ራሱ የታመመ ቀን ማን እንደሚደውል ያልታወቀበት ስምምነት ባዶ ወረቀት ነው። የመዘጋት ማስታወቂያ እስከ ስንት ሰዓት መድረስ እንዳለበት፣ ተቀባዩ ክሊኒክ በቀን ስንት ተጨማሪ ታካሚ እንደሚችል በቁጥር ይጻፍ። «በተቻለ መጠን» የሚል ቃል አይግባበት። ባለሙያ የምትዋዋሱ ከሆነ የሙያ ፈቃዱ በተቀባዩ ክሊኒክ ለመሥራት እንደሚያስችለውና የሙያ ኃላፊነት መድኑ እዚያም እንደሚሸፍነው መድን ሰጪው በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። ብዙ ጊዜ መድን የሚሸፍነው በውሉ ላይ በተጠቀሰው አድራሻ የተሰጠ ሕክምናን ነው፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው።

አንድ ነገር አብራችሁ እንዳትወስኑ፦ የሕክምና ዋጋ። በብዙ አገሮች ተወዳዳሪ ድርጅቶች ተነጋግረው ዋጋ መቁረጣቸው በሕግ ያስጠይቃል። ዕቃ አብሮ መግዛት፣ ታካሚ መቀባበል፣ ሥልጠና መጋራት ሌላ ነገር ነው። ያም ቢሆን ረቂቁን ከመፈረማችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ይየው።

አሁን ወደ ዋናው። ታካሚ ከክሊኒክ ክሊኒክ ሲዛወር የሚጎዳው በመረጃ ጉድለት ነው። አንድ ምሳሌ እንይ። የእጅ ጣት ጅማቱ ተቆርጦ የተሰፋለት ሰው በአራተኛው ሳምንት ላይ ሳለ የእሱ ክሊኒክ ተዘጋ እንበል። የማዛወሪያ ወረቀቱ «የእጅ ጉዳት፣ ጥሩ እየተሻሻለ ነው፣ እንቅስቃሴ ይቀጥል» ይላል። አዲሱ ባለሙያ ጣቱ ግትር ሆኖ ሲያገኘው የላስቲክ ኳስ ሰጥቶ «ጨብጥ» ይለዋል። ስፌቱ ገና ጉልበት አልያዘም፤ ጅማቱ ይበጠሳል፤ ሰውየው እንደገና ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባል። ሁለቱም ባለሙያዎች ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ። የጎደለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «የተሰፋበት ቀን ይህ ነው፣ ስፕሊንቱ (የእጁ መደገፊያ) አይወልቅም፣ ጭነት ያለበት ጭበጣ እስከዚህ ቀን ክልክል ነው»።

ስለዚህ ሦስቱም ክሊኒኮች አንድ ዓይነት ባለ አንድ ገጽ ማዛወሪያ ይኑራቸው። የሚሞላው እንዲህ ነው፦ ምርመራው፤ የቀዶ ጥገናው ዓይነትና ቀን፤ ሐኪሙ የከለከለው ነገርና እስከ መቼ (እግር ላይ የሚፈቀደው ጭነት፣ መታጠፍ የሚፈቀድበት ዲግሪ)፤ የመጨረሻው ልኬት ከነቀኑ፤ ቤት የሚሠራው እንቅስቃሴ ከነብዛቱ፤ ተጓዳኝ በሽታና መድኃኒት፣ በተለይ የደም ማቅጠኛ፤ የቅርብ ቤተሰብ ስልክ። «ጉልበቱ ይታጠፋል» አይባልም፤ «ከ5 እስከ 85 ዲግሪ» ይባላል። ወረቀቱ በታካሚው ፈቃድ ይተላለፋል፤ የታካሚ ስምና ምርመራ ባለሙያዎች በሚወያዩበት የጋራ የመልእክት ቡድን ላይ ፈጽሞ አይለጠፍም።

ከዚያ ሳይቸግራችሁ ሞክሩት። በየወሩ እያንዳንዱ ክሊኒክ አንድ ማዛወሪያ፣ ስም ተሰርዞ፣ ለሌላው ይስጥ፤ ተቀባዩ «በዚህ ወረቀት ብቻ ነገ ጠዋት ማከም እችላለሁ ወይ?» ብሎ ይመልስ። ማዛወሪያ በችኮላ ሲሞላ በቀላሉ የሚዘለለው ሐኪሙ የከለከለው ነገር ነውና ሙከራው ላይ መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ጥያቄ፦ በቀን ሠላሳ ሰው እናይ የነበርን አሥር ብቻ እንድናስተናግድ ብንታዘዝ ማንን እናስቀድም? ሁሉም «የኔ ይብሳል» ይላል።

መልስ፦ ሚዛኑ «ቢጠብቅ የማይመለስ ምን ያጣል?» የሚለው ነው። የሕመሙ መጠን ብቻውን አይመራችሁም፤ ለዓመታት የቆየ ከባድ የወገብ ሕመም በስልክ ሊታገዝ ይችላል፣ ብዙም የማያም የተቃጠለ ክርን ግን ሳምንታት ቢዘገይ ተኮማትሮ ይቀራል።

በአካል መታየት ያለባቸው፦ ጅማት የተሰፋላቸው፤ ጉልበታቸው ተቀይሮ መታጠፍ ያቃታቸው፤ ቃጠሎ፤ በስትሮክ የተመቱና በመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ያሉ፤ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጡ፤ የመውደቅ አደጋ ያለባቸው አረጋውያን፤ በእግር መቆልመም የተወለዱና በተከታታይ ጀሶ የሚታከሙ ሕፃናት። የመጨረሻዎቹን እንዳትረሷቸው አደራ። ጀሶው በየአምስት እስከ ሰባት ቀኑ መቀየር አለበት፤ ከተቋረጠ የተስተካከለው እግር ወደነበረበት መመለስ ይጀምራል።

መካከለኞቹን በሁለት ሳምንት አንዴ በአካል፣ በመካከሉ በስልክ ይዩአቸው። የቆየ የጀርባና የአንገት ሕመም፣ የትከሻ መድረቅ፣ የስፖርተኛ ቀላል ጉዳት በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀጥላሉ። ምደባው ግን ቋሚ አይደለም፤ በየሰባት ቀኑ እንደገና ይታያል። በስልክ የምታዩት ሰው በብልቱና በመቀመጫው አካባቢ መደንዘዝ፣ የሽንት እንቢታ ወይም ማምለጥ፣ የሁለቱም እግሮች መዛል ከነገራችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይላክ። አንድ የባት ጡንቻ ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይባልም።

ሦስቱ ክሊኒኮች ተመሳሳይ መመደቢያ ካልተጠቀሙ ታካሚው አንዱ ጋ «ጠብቅ» ሲባል ሌላው ጋ ሄዶ ተራ ይይዛል፤ የእውነት የቸኮለው ውጭ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የእንቅስቃሴ ክፍላችን ትንሽ ነው። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሲኖር በሁለት ታካሚ መካከል ምን ያህል ጊዜ እንተው? ኤሲ ስላለን ይበቃናል?

መልስ፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ የክፍሉን አየር ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ አያስገባም፤ ያንኑ አየር ያዞራል። ስለዚህ አይበቃም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አባዙ። 5 ሜትር በ4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ክፍል 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። አየር ማውጫ ፋናችሁ በሰዓት 360 ሜትር ኩብ ካወጣ፣ 360 ሲካፈል ለ60፣ በሰዓት ስድስት ጊዜ አየር ይቀየራል ማለት ነው። በስድስት ቅያሪ አየር ላይ ከተንሳፈፈው 99 በመቶው እስኪወጣ 46 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በአሥራ ሁለት ቅያሪ 23 ደቂቃ፣ በአራት ደግሞ 69 ደቂቃ። ይህ የሚሠራው ክፍሉ ባዶ ሲሆንና አየሩ በደንብ ሲዋሃድ ነው፤ ፋኑ ከበሩ አጠገብ ተገጥሞ አየሩ በበር ገብቶ በዚያው ከወጣ ማዶ ያለው ጥግ ሳይነካ ይቀራል። አየር በአንድ በኩል ገብቶ በተቃራኒው ይውጣ።

ሄፓ ማጣሪያ (በጣም ጥቃቅን ብናኝ የሚይዝ) ያለው ማሽን ከገዛችሁ በሰዓት የሚያጣራውን ሜትር ኩብ ወስዳችሁ ፋኑ በሰዓት ከሚያወጣው ጋር ደምሩ። እዚህ ላይ የሚፈጠር ስህተት አለ፦ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው በከፍተኛው ፍጥነት የሚገኘው ነው፤ በሥራ ሰዓት ግን ይጮኻል ተብሎ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። በምትጠቀሙበት ፍጥነት አስሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያም ይረዳል፤ የውጭ አየር ከሚሊዮን 420 ክፍል (ppm) ገደማ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከ800 በታች ማቆየት ጥሩ ግብ ነው። ነገር ግን ሄፓ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አያስቀርም። ማሽኑ እየሠራ ቁጥሩ ከፍ ቢል ማሽኑ አልሠራም ማለት አይደለም።

ሌላው መታሰብ ያለበት ታካሚው የሚያደርገው ነገር ነው። ተቀምጦ ያረፈ ሰው በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ይተነፍሳል፤ ብስክሌት ላይ ሲወጣ ይህ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የአልጋ ላይ ሕክምና የሚመቸው ክፍል ለሩጫ ማሽን ላይሆን ይችላል። መተባበር የሚጠቅመው እዚህ ነው፦ ከሦስታችሁ ሰፊና መስኮቱ ግራና ቀኝ የሚከፈት አዳራሽ ያለው ክሊኒክ የእንቅስቃሴ ሕክምናውን ይውሰድ፣ ጠባቦቹ በእጅ የሚሠራውን ይያዙ። ሦስት ጠባብ ክፍሎችን ከማሻሻል አንዱን በደንብ ማሻሻል ይረክሳል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያና አልትራሳውንድ ማሽን እንዋዋሳለን። በሽታም አብሮ እንዳይዞር፣ ማሽኑም እንዳይበላሽ እንዴት እናጽዳው?

መልስ፦ ሁለት ደረጃ አለው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙናና ውኃ ይነሳል፣ ቀጥሎ በፀረ ተሕዋስያን ይታሻል። በአልትራሳውንዱ ራስ ላይ የደረቀ ጄል እያለ አልኮል ብታፈሱበት አልኮሉ ከጄሉ በታች አይደርስም።

በረኪና ስትጠቀሙ ልኩ 0.1 በመቶ ነው። የምትገዙት 5 በመቶ ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር በረኪና በ980 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። ደም ወይም ብዙ ፈሳሽ ከፈሰሰ 0.5 በመቶ፣ ማለትም 100 ሚሊ ሊትር በ900። በየዕለቱ አዲስ ይዘጋጅ፤ ያደረና ብርሃን ያገኘው ኃይሉ ይቀንሳል። ጠርሙሱ ላይ የሰዓትና የቀን ምልክት ይለጠፍ። ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። «ጠንከር ይበል» ብሎ ሁሉንም በ0.5 መጥረግ የአልጋውን ቆዳ ይሰነጥቃል፣ ብረቱን ያዝጋል። የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ በምንም አይጸዳም። 0.1 ቀብታችሁ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ በንጹሕ ውኃ ይጠረግ። ለማሽን መቆጣጠሪያና ለስክሪን አልኮል የነካው ጨርቅ ይሻላል፣ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሆነ፤ በቀጥታ አይረጭም።

ጄል ላይ ጥብቅ ሁኑ። ባዶ የሆነ ትንሽ ጠርሙስ ከትልቁ ጀሪካን እየተሞላ መመላለሱ ባክቴሪያ ያራባል፤ ታካሚው እንዳይበርደው ተብሎ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ማስቀመጡ ደግሞ ያባብሰዋል። ጠርሙሱ ሲያልቅ ይጣላል፣ አፉ ቆዳ አይነካም። የተላጠ ወይም የቆሰለ ቆዳ ላይ በእሽግ የሚመጣ ስቴራይል (ከተሕዋስያን የጸዳ) ጄል ብቻ።

ተለጣፊ ኤሌክትሮድ (የኤሌክትሪክ ማነቃቂያው ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ክፍል) የአንድ ታካሚ ነው፤ ስሙ በተጻፈበት ከረጢት ይቀመጣል፣ ሌላ ክሊኒክ ሲዛወርም ይዞት ይሄዳል። የላስቲክ መለማመጃውንም ሁለት ሜትር ያህል ቆርጣችሁ ስጡትና የራሱ ይሁን። አልኮልና በረኪና ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ሲሳብ ተበጥሶ ዓይን ይመታል።

ማሽኑ ሲወጣም ሲገባም ይጸዳል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ገመዶቹ ተቆጥረው በወረቀት ይስፈሩ፤ ሳይመዘገብ የሄደ ገመድ ማንም ሳያስበው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ማስክና ጓንት አብረን ብንገዛስ? ማን ስንት እንደሚወስድ ጭቅጭቅ ፈራን።

መልስ፦ ቁጥር ካለ ጭቅጭቅ የለም። እያንዳንዱ ክሊኒክ የሳምንቱን ፍጆታ በሰባት ያካፍል፤ ያለውን ክምችት ለዚያ ያካፍል። 900 ማስክ ያለው በቀን 45 ከጨረሰ 20 ቀን አለው። አቅራቢው ለማምጣት 30 ቀን ከፈጀበት ያ ክሊኒክ ዘግይቷል፣ ሳጥኑ ሙሉ ቢመስልም። ወሰናችሁ «የአቅራቢው ጊዜ ሲደመር ሰባት ቀን» ይሁን፤ ከዚያ በታች የወረደ በዚያው ቀን ለሌሎቹ ይናገር። ብድሩ በዕቃ ይሁን፣ ሳጥን በሳጥን ይመለስ፤ በችግር ጊዜ ዋጋ ስለሚንር በገንዘብ መተሳሰብ ያጣላል።

ስለ ኤን 95 (አየር አጣሪ ማስክ) አንድ ማሳሰቢያ፦ ማስኩ ፊት ላይ ክፍተት ሳይተው መግጠሙን የሚያየው የፊት ልክ ምርመራ የሚሠራው ለተመረመረው ሞዴልና መጠን ብቻ ነው። ከጎረቤት የተዋሳችሁት ሌላ ሞዴል ከሆነ እንደገና መለካት አለበት፤ ጢም ካለ ማናቸውም በደንብ አይገጥሙም። አብሮ መግዛቱ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ሦስታችሁም አንድ ሞዴል ብትይዙ ባለሙያውም ዕቃውም ያለ ችግር ይዘዋወራሉ።

ጥያቄ፦ የእናቴ በቪዲዮ መታከም ያስፈራኛል። ዕድሜ ያላት ሰው ናት፤ እንቅስቃሴውን ስትሠራ ብትወድቅ ማን ይደርሳል?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ መልሱም ዝግጅት ነው። ጥሪው እንደተጀመረ ታካሚው ያለበት ትክክለኛ አድራሻና አጠገቡ ያለ ሰው ስልክ ይጻፍ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ወዲያው የሚደወልበት እሱ ነው። ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ፣ ጎማ የሌለው ይሁን። ምንጣፍ ይነሳ፣ ጫማ ይደረግ። ስልኩ በወገብ ቁመት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይቁም፤ እግር የማይታይበት ቪዲዮ ለሚዛን ልምምድ አይረባም። ሚዛን የሚፈትን እንቅስቃሴ ሌላ ሰው ቤት ከሌለ አይሰጥም፤ ተቀምጦ የሚሠራው ይበቃል። እንደ እናትዎ ላለ ሰው የመጀመሪያው ግምገማ በአካል ቢሆንና ክትትሉ በቪዲዮ ቢቀጥል ይመረጣል። መረብ ደካማ ከሆነ ተራ የስልክ ጥሪም ብዙ ይሠራል፦ ስንት ጊዜ ሠራች፣ በማግሥቱ ምን ተሰማት፣ የቱ አቃታት።

ጥያቄ፦ ከኮቪድ አገግመው የሚመጡ ሰዎች እንቅስቃሴ ስንጨምርላቸው ይባስ ይወድቃሉ። አንዱ ክሊኒክ «በርቱ፣ ጨምሩ» ይላል፣ እኛ «ረጋ በሉ» እንላለን። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ለእነዚህ ታካሚዎች እናንተ ልክ ናችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ባወጣው ትርጉም ድኅረ ኮቪድ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ በሦስት ወር ውስጥ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይና በሌላ ምክንያት ሊገለጽ የማይችል ነው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ሥራ ከሠሩ በኋላ ምልክታቸው ይብሳል፤ የሚብሰውም በዚያው ሰዓት ሳይሆን ከግማሽ ቀን እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ክሊኒክ ውስጥ ደህና መስለው ወጥተው ከሁለት ቀን በኋላ አልጋ ላይ የሚውሉት። ዓለም አቀፉ የፊዚዮቴራፒ ማኅበር ወርልድ ፊዚዮቴራፒ በጁን 2021 ባወጣው ጽሑፍ ይህ መባባስ መኖሩ ሳይጣራ እንቅስቃሴ እንዳይታዘዝ አሳስቧል።

ስለዚህ ከማንኛውም ልምምድ በፊት ጠይቁ፦ «ከሠሩ በኋላ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን እንዴት ይሆናሉ?» መባባስ ካለ በየሳምንቱ የሚጨምር ፕሮግራም ይቅር። በምትኩ የአንድ ሳምንት የሥራና የዕረፍት ማስታወሻ ያዙ፤ የማያባብሰውን መጠን ፈልጉ፤ ሥራውን በአጭር በአጭሩ ከፋፍላችሁ ዕረፍቱን ከድካም በፊት አስገቡ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም የልብ ምት መዛባት ያለበት ልብ ሐኪም ሳያየው አይጀመርም።

ጣት ላይ በሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ስትፈትኑ በአንድ ደቂቃ ተነሥቶ የመቀመጥ ፈተና ላይ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪም ይየው። የቀዘቀዘ ጣትና የጥፍር ቀለም ንባቡን ያዛባሉ፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው አብልጦ ሊያሳይ ስለሚችል «95 ነው» ብላችሁ በደከመ ሰው ላይ አትጽናኑ።

በክሊኒኮች መካከል ያለው አለመግባባት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመለኪያው ይመጣል። የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና የሚደረገው 30 ሜትር ቀጥ ያለ ኮሪደር ላይ ነው። አንዱ በ10 ሜትር ኮሪደር ከለካ ታካሚው ሲዞር ጊዜ ስለሚያጠፋ ርቀቱ ያንሳል፤ ሁለተኛው ክሊኒክ ሲለካው «ተሻለው» ይላል፣ የተለየው ግን ኮሪደሩ ነው። 30 ሜትር ገደማ ልዩነት እንደ እውነተኛ ለውጥ በሚቆጠርበት ፈተና ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። የወንበሩም ቁመት እንደዚያው፤ ሦስታችሁም 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ መደገፊያ እጅ የሌለው ወንበር ለዩና ምልክት አድርጉበት።

ጥያቄ፦ ሆስፒታሉ «ባለሙያ አውሱን» ቢለን ማንን እንላክ? እኛ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሰዎች ነን፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ምን እንሠራለን?

መልስ፦ ብዙ። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን በፖሊዮ ስትመታ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን በጉሮሮ በተተከለ ቱቦ በእጅ አየር መስጠትን አስጀመረ፤ 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ አየር የሚሰጠውን ቦርሳ እየጨመቁ ሕሙማኑን አስተነፈሱ። ሙያው ከመጠን በላይ ሲፈለግ ጥቂት ነገር በትክክል የተማረ ተጨማሪ እጅ ሕይወት ያተርፋል።

ለእናንተ ያ ጥቂት ነገር ሁለት ነው። አንደኛው በሆድ ማስተኛት። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የፈረንሳይና የስፔን ሆስፒታሎች ጥናት በከባድ የሳንባ ጉዳት በማሽን ከሚተነፍሱት መካከል በአንድ ጊዜ ቢያንስ 16 ሰዓት በሆድ የተኙት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 16 በመቶ ሲሆኑ፣ በጀርባ ከቆዩት ግን 32.8 በመቶ ነበሩ። መገልበጡ ቡድን ይፈልጋል፤ አንዱ ራስ ዘንድ ቆሞ ቱቦውን ይይዛል፣ ቆጠራውንም እሱ ብቻ ይጠራል፣ ሌሎቹ ግራና ቀኝ ይሆናሉ። እናንተ ዋጋ የምትጨምሩት ከተገለበጠ በኋላ ነው፦ ክንዱ ከትከሻ በላይ ተወጥሮ እንዳይቆይ፣ ራሱና ክንዱ በየጥቂት ሰዓቱ እንዲቀያየሩ፣ ክርኑና ጉልበቱ እንዳይጫኑ። ይህ ካልተደረገ ሰውየው ከሞት ተርፎ ክንዱ ሽባ ሆኖ ሊነቃ ይችላል።

ሁለተኛው ቀድሞ ማንቀሳቀስ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገቡ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የጭኑ የፊት ጡንቻ ስፋት በአማካይ ወደ 18 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተለክቷል። ማን መቼ ይቀመጥ፣ ማን ይቁም የሚለውን ግን የክፍሉ ሐኪምና ነርስ ያሉበት ቡድን ይወስናል፤ አዲስ የሄደ ባለሙያ ብቻውን አይነካም።

ማን ይሂድ ለሚለው፦ ከዚህ በፊት ሆስፒታል ውስጥ የሠራ ይቅደም። ነፍሰ ጡር፣ በሽታ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም ሕመም ያለበት ወይም ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው የሚያስታምም አይላክ፤ ምክንያቱንም ለባልደረቦቹ እንዲናገር አይገደድ። ከአንድ ክሊኒክ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ አይውጣ። የሄደውን ሰው ታካሚዎች ሦስታችሁ ተካፈሉ፣ ደመወዙን ማን እንደሚከፍልና ቢታመም የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ከመሄዱ በፊት ከሆስፒታሉ በደብዳቤ ተቀበሉ።